መርፌ ያልነካው ልብስ

ወሰንየለሽ ልጇን ከመውለዷ በፊት ካንጋሮ የሚባል እንስሳ መኖሩን አታውቅም ነበር። ቢነግሯትም የምታምን አይመስልም፤ ሆዱ ላይ ኪስ ያለው አውሬ በሂርና ዙሪያ ማን አይቶ ያውቃል? ገሊላ ግን ቀኗ ሳይደርስ፣ በሰባት ወሯ መጣች። ምጡ ድንገት የያዛትን እናት ጭሮ ወዳለው ሆስፒታል አደረሷት፤ ልጅቷም ከመዳፍ ብዙ የማትበልጥ ሆና ተወለደች። ነርሷ ሲስተር ሕይወት ሕፃኗን ኮፍያና ካልሲ ብቻ አልብሳ በእናቷ ባዶ ደረት ላይ አስተኛቻትና ከላይ በነጠላ ጥብቅ አድርጋ አሰረቻቸው።

"ከእንግዲህ አንቺ ካንጋሮ ነሽ" አለቻት። "ካንጋሮ ልጇ እስኪጠነክር ድረስ ከኪሷ አታወጣውም።"

ያ ክፍል እንደ ሌላው የሆስፒታል ክፍል አልነበረም። ሕፃናቱ እንዳይበርዳቸው ማሞቂያው ቀን ከሌት ይሠራል፤ መጋረጃው አይገለጥም። እናቶቹ ትራስ ደገፍ ብለው፣ ግማሽ ተኝተው ግማሽ ነቅተው፣ ደረታቸው ላይ ያለውን ትንፋሽ ያዳምጣሉ። እዚያ ጊዜ አይሄድም፤ ተኝቶ ይተነፍሳል እንጂ። ግድግዳው ላይ የካንጋሮ ሥዕል ተለጥፏል፦ ረጅም ጅራት፣ ትልልቅ ጆሮ፣ ከሆዷ ኪስ ብቅ ያለ የልጅ ፊት። ወሰንየለሽ ዓይኗ እስኪፈዝ ስታየው ትውላለች። እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት ሥዕሉ ከግድግዳው ወርዶ፣ ኮቴው ሳይሰማ፣ በአልጋዎቹ መሃል የሚዘል ይመስላታል።

የጎን አልጋው የዙለይኻ ነበር። ዙለይኻ ከሚኤሶ ወዲያ ካለ የቆላ መንደር የመጣች፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት ናት። አማርኛዋ ስብርብር ያለ ነው፤ ወሰንየለሽ ደግሞ የሂርና ልጅ ስለሆነች ኦሮምኛ አያስቸግራትም፤ ሁለቱን እያቀላቀሉ ያወራሉ። የዙለይኻ ወንድ ልጅ ከገሊላም ያንስ ነበር። ስሙን ሲጠይቋት "ሲያድግ ትሰሙታላችሁ" ብላ ትስቃለች፤ ስለዚህ ሁሉም "ትንሹ" ይለው ጀመር። ሁለቱ ሴቶች ተራ ገቡ። አንዷ ስታንቀላፋ ሌላዋ የሁለቱንም ሕፃናት ትንፋሽ ትጠብቃለች። ወሰንየለሽ ስትነቃ መጀመሪያ የምታየው ወደ እርሷ ዞሮ የሚጠብቃትን የዙለይኻን ዓይን ነበር።

አንድ ቀን የዙለይኻ ባል መጣ። ድርቁ ከብቱን እየፈጀው ነው፤ ቤት ለቀሩት ልጆች ውኃ የሚቀዳላቸው የለም። ሲስተር ሕይወት "ልጁ ገና ነው፤ እባካችሁ ትንሽ ጨምሩለት" ብላ ለመነች። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ መሬት መሬቱን ያያል። በመጨረሻ ዙለይኻ ራሷ ከአልጋዋ ወረደች።

"እዚያም ደረት አለኝ" አለች።

ወሰንየለሽ ልጁን ደረቷ ላይ አስተካክላ አሰረችላት። ከዚያ ዙለይኻ በኮሪደሩ ስትሄድ፣ ጀርባዋ እየራቀ፣ እየራቀ፣ ከበሩ ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ሲጠፋ ቆማ አየች።

መጀመሪያ ላይ ስልክ ይደዋወሉ ነበር። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ግማሹ ንግግር ነፋስ ነው። ቆይቶ የዙለይኻ ስልክ ጭራሽ አልሠራ አለ። ወሰንየለሽም ገሊላን ይዛ ቤቷ ገባች፤ ልጅቷ ወፈረች፣ ተቀመጠች፣ ዳዴ አለች። ግን በየጊዜው አንድ ሕልም ይመላለስባት ነበር። ነጭ ሜዳ ነው፤ ዙለይኻ ከፊት ከፊቷ ትሄዳለች፤ ደረቷ ላይ ኪስ ታስሯል። ወሰንየለሽ ትጠራታለች፤ እሷ ግን አትዞርም። ኪሱ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታይ ትነቃለች።

በዓመቱ ክረምት ሲስተር ሕይወት ደወለች።

"ያን ጊዜ የተወለዱትን ልጆች ልንሰበስብ ነው" አለቻት። "አሁን ክፍሉ ውስጥ ያሉት እናቶች በጣም ፈርተዋል። ልጆቹን ቢያዩ ልባቸው ይጸናል። እና ደግሞ ካንጋሮ አልብሰን እናምጣቸው የሚል ሐሳብ አለ። ብዙ አትድከሚ፤ ጆሮና ጅራት ካለው ይበቃል።"

"እሺ ሲስተር" አለች ወሰንየለሽ። ቀጥላም "ዙለይኻስ?" አለች።

"ስልኳ አይሠራም። ወደ ሚኤሶ በሚወርድ ሰው መልእክት ልከንላታል። ይድረሳት አይድረሳት አላውቅም።"

ሁለቱም ስለ ልጁ አላነሡም።

ወሰንየለሽ መስፋት አትችልም። ቁልፍ ስትተክል እንኳ መርፌው ከጨርቁ ይልቅ ጣቷን ያገኛል። ስለዚህ ከሳልባጅ ተራ የገዛችውን ቡናማ፣ ለስላሳ ብርድ ልብስ አጥፋ፣ ገሊላን አዝላ፣ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ወደሚሰፋው ልብስ ሰፊ ወደ ጋሽ አብዱረዛቅ ሄደች። የካንጋሮውን ፎቶ በስልኳ አሳየችው። ጋሽ አብዱረዛቅ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"ይሄ አይጥ ነው ሚዳቋ?"

"ካንጋሮ ነው፣ ጋሽ አብዱረዛቅ። ልጁን በኪሱ የሚይዝ።"

"የአላህ ሥራ" አለና ብርድ ልብሱን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው። ጫፉን ጎትቶ አየ፤ ክር አልወጣም። "ልጄ፣ ይሄ ጨርቅ አይተረተርም። የማይተረተር ጨርቅ ስፌት ምን ያደርግለታል? ደግሞ የስፌት ዳር የሕፃን ገላ ይከረክራል። ቁረጪና እሰሪው።"

"እሰሪው?"

"እንደ ነጠላ ጫፍ። ቋጥሪው።" ጠመኔ ሰጣት። ከማሽኑ ሥር የተጠራቀመውንም ቁርጥራጭ ጨርቅ በፌስታል ሞላላት። "ጅራቱን በዚህ ሙዪው። አውሬው ጅራቱ ወፍራም ነው።"

ከሰዓት በኋላ ጉም ከተራራው ወርዶ ሂርናን አለበሳት። ከመንገዱ የጭነት መኪናዎች ድምፅ ይሰማል እንጂ መኪናዎቹ አይታዩም። ወሰንየለሽ መስኮቱ ሥር ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላ ብርድ ልብሱን ለሁለት አጠፈችው። የገሊላን ሸሚዝ አንጥፋበት፣ ከሸሚዙ አንድ መዳፍ ያህል ሰፋ አድርጋ በጠመኔ ዙሪያውን አሰመረች። በትከሻው በኩል ያለውን እጥፋት ሳትነካ፣ ለአንገት ማስገቢያ ክብ አወጣችለት። ግራና ቀኙን ደግሞ ጣት ጣት በሚያህል ስፋት እንደ ዘርፍ ቆራረጠችውና የፊቱን ዘርፍ ከኋላው ጋር እየቋጠረች ወረደች። አንድ ቋጠሮ፤ ሌላ ቋጠሮ። እጇ መንገዱን ሲያገኝ ሐሳቧ እጇን ትቶ ሄደ። ያ ሞቃት ክፍል ትዝ አላት፤ የማሞቂያው ጉርምርምታ፤ ደረቷ ላይ እንደ ወፍ የሚመታው ልብ። ጉሙ በመስኮቱ ገብቶ ቤቱን የሞላው መሰላት፤ እሷ፣ ልጅቷና ቡናማው ጨርቅ ብቻ በነጭ ነገር ላይ የሚንሳፈፉ።

ገሊላ ዳዴ እያለች መጥታ የተቆረጠ ጆሮ አፏ ውስጥ ከተተች። ወሰንየለሽ ሳቀችና ቀስ ብላ ቀማቻት። ጆሮዎቹ የቅጠል ቅርጽ አላቸው። ከሥራቸው ቆንጠጥ አድርጋ በቀጭን ጨርቅ አሰረቻቸው፤ በሹራብ ኮፍያ ላይ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ በስታ ማሰሪያውን ወደ ውስጥ አሾለከችና ቋጠረችው። አንደኛው ጆሮ ቆመ፤ ሌላው ተኛ። ብታስተካክለውም ተመልሶ ተኛ፤ ተወችው። ለጅራቱ የራሷን አሮጌ ረጅም ካልሲ በጋሽ አብዱረዛቅ ቁርጥራጭ ሞልታ፣ በቡናማው ጨርቅ ጠቅልላ፣ በየመሃሉ አሰረችው፤ ወገብ ላይ የሚታሰር ረጅም ማሰሪያ አበጀችለት። ለራሷም ሰፊ ኪስ ቆረጠች፤ ከአንገቷና ከወገቧ የሚታሰር። ገሊላን አለበሰቻትና ኪሷ ውስጥ አስቀመጠቻት። ልጅቷ አንድ ጆሮ አቁማ፣ አንድ ጆሮ አስተኝታ፣ ከኪሱ ጫፍ በላይ ዓለምን በዝምታ አየችው።

ከጨርቁ ገና ብዙ ተርፏል። ወሰንየለሽ የቀረውን ዘረጋችና ጠመኔውን አነሣች። ከዚያ እጇ ቆመ። ረጅም ሰዓት እንደዚያው ቆየ። በመጨረሻ ሸሚዙን እንደገና አንጥፋ አሰመረች።

የባሏ እናት እማማ ዘውድነሽ ከጓዳ ሲወጡ መቀሱን በእጇ አዩት።

"አንዱ አልቆ የለ? ይሄ ለማን ነው?"

"ለትንሹ። ለዙለይኻ ልጅ።"

እማማ ዘውድነሽ ልጁን አይተውት አያውቁም፤ ታሪኩን ግን ያውቃሉ። በሩን ተደግፈው ቆሙ።

"ልጄ፣ ወሬው ላልታወቀ ሕፃን ልብስ አይቆረጥም። ደግ ምልክት አይደለም።"

"እማማ" አለች ወሰንየለሽ ቀና ሳትል፣ "ካልቆረጥኩለት ተስፋ የቆረጥኩ ይመስለኛል።"

እማማ ዘውድነሽ መቀሱ ጨርቁን ሲበላ ቆመው ሰሙ። ቆየት ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና ዘርፉን ወደ ጭናቸው ሳቡት።

"የቱ ከየቱ ጋር ነው የሚታሰረው?" አሉ።

ቀኑ ሲደርስ ወሰንየለሽ በሚኒባስ ወደ ጭሮ ሄደች። ሁለተኛውን ልብስ ከዳይፐሩና ከቅያሪው ሁሉ ሥር፣ ከቦርሳዋ ታች ደብቃዋለች። ገሊላን መንገድ ላይ ያዩ ሁሉ ምን አውሬ እንደሆነች ይገምታሉ። ጫት ጭና የተሳፈረች ሴት "ጥንቸል" አለች፤ ረዳቱ "ውርንጭላ ናት" ብሎ ተከራከረ። ወሰንየለሽ ሳቀች። ጉሙ ዳገቱ ላይ ሳሳ፤ የማሽላው ማሳ፣ የጫቱ እርከን፣ የቆርቆሮው ጣሪያ አንድ በአንድ እየታጠበ ወጣ። እሷ ግን የምታየው ያንን አልነበረም። "ባትመጣስ?" ትላለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ "ብትመጣስ?" ትላለች፤ ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስፈራታል።

ሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ሥር ወንበር ተደርድሯል። የመጡት ልጆች ሁሉ ጆሮ አላቸው፤ አንዱ ላም መስሏል፣ አንዷ ድመት፣ አንዱ የምንም ሳይሆን የራሱ ዓይነት አውሬ ሆኗል። እናቶቹ ተቃቀፉ፤ አንዷ የሌላዋን ልጅ እያነሣች ክብደቱን በእጇ መዘነች። ሁሉም ወንበር አልሞላም። ባዶዎቹን ማንም ጮክ ብሎ አልቆጠረም።

ሲስተር ሕይወት መጥታ ገሊላን ከኪሱ አወጣቻት። "ለትንሽ ልውሰዳት። ከትናንት ጀምራ ስታለቅስ ያደረች እናት አለች፤ ይቺን ላሳያት" አለችና ልጅቷን አቅፋ፣ የመጋረጃው ክፍል ወዳለበት ሕንፃ ገባች። ወሰንየለሽ ባዶ ኪሷን እንደታጠቀች ዛፉ ሥር ቀረች።

ያን ጊዜ ዙለይኻ በበሩ ገባች።

ብቻዋን ነበረች። ሰፊ ቀሚሷን ነፋስ እያውለበለበው፣ እጆቿ ባዶ፣ ጀርባዋ ባዶ፣ ደረቷ ላይም ምንም አልታሰረም። ወሰንየለሽ ተነሥታ ሄደች፤ መሃል ላይ ተገናኙ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙና እየተሳሳሙ ሰላምታውን ጀመሩ።

"አካም ጅርታ፣ ወሰኔ?"

"አካም ጅርታ፣ ዙለይኻ? ደኅና ነሽ? እናትሽ ደኅና ናቸው?"

"አልሐምዱሊላህ። የአንቺ ቤት ደኅና? እንዳሻው ደኅና?" ዙለይኻ የወሰንየለሽን ባል ስም አልረሳችም።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ዝናቡ መጣላችሁ?"

"መጣ። ዘንድሮ ጥሩ መጣ። እናንተ ጋስ?"

"እኛ ጋ ሞልቷል። ከብቶቹስ?"

"የተረፉት ደኅና ናቸው። አማትሽስ? ደኅና?"

እንዲህ እያሉ ሰውን ሁሉ ጠየቁ፤ ጎረቤቱን፣ ፍየሉን፣ መንገዱን ሳይቀር። እጆቻቸው አልተላቀቁም። ሰላምታው በአንድ ነገር ዙሪያ ይዞራል፤ ያንን ነገር ግን አይነካውም፤ ጥልቅ ጉድጓድ ዳር እንደሚሄዱ ሰዎች። የዙለይኻ ዓይን አንዴ በባዶው ኪስ ላይ ዐረፈና ቶሎ ተነሣ። እንደገና ዐረፈ። የሚጠየቅ ነገር አለቀ።

"ወሰኔ" አለች ዙለይኻ። "ኪስሽ ባዶ ነው።"

ወሰንየለሽ ያን ጊዜ ገባት። ለካ እሷ የፈራችውን ያህል ዙለይኻም ፈርታለች።

"ገሊላ እዚያ ውስጥ ናት" አለች ፈጠን ብላ። "ሲስተር ሕይወት ለእናቶቹ ልታሳያት ወስዳት ነው። ደኅና ናት። ስድስት ጥርስ አውጥታለች።"

ዙለይኻ ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ወሰንየለሽም አጠገቧ ተንበረከከች፤ "አንቺስ?" ማለት አቅቷት ትከሻዋን ብቻ ያዘች። ዙለይኻ ፊቷን እንደሸፈነች እጇን አንሥታ ወደ በሩ ጠቆመች።

ያ ሰውዬ፣ ኮፍያውን ያሻሽ የነበረው፣ በበሩ እየገባ ነበር። ጎንበስ ብሏል። የሚሄደው በጣም ቀስ እያለ ነው፤ ምክንያቱም ጣቱን የያዘው ሰው ቸኩሎ አያውቅም። አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ ይቆማል፤ ከመሬት ጠጠር ያነሣል፤ ለአባቱ ይሰጣል፤ ሌላ እርምጃ ይራመዳል።

"ውኃ ሲያይ ካልነካሁ አለ" አለች ዙለይኻ ሻርፗን ከፊቷ እያወረደች፣ እያለቀሰችም እየሳቀችም። "ቧንቧው ጋ ትቻቸው መጣሁ። ሱሌይማን ነው ስሙ።"

ወሰንየለሽ ስሙን በአፏ ውስጥ ደገመችው። ልጁ አጠገቧ ሲደርስ እንደ ማያውቃት አያት፤ በእርግጥም አያውቃትም። አንድ ጠጠር ሰጣት። እሷም ተቀበለችው።

ዙለይኻ ነገረቻት። እቤት እንደደረሰች ልጁን ደረቷ ላይ አሰረችው። ግን ውኃው ሩቅ ነው፤ ጀሪካን ተሸክሞ ልጅ በደረት አይሆንም። ስለዚህ እሷ ስትወርድ ባሏ ሸሚዙን ከፍቶ ልጁን የራሱ ደረት ላይ ያስር ጀመር። የመንደሩ ወንዶች ሳቁበት። እሱ ግን ግራር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ከሲታ ከብቶቹን በዓይኑ እየጠበቀ፣ እጁን በትንሹ ጀርባ ላይ አድርጎ ይውላል። አንዳንዴ ከብቶቹ ርቀው ሲሄዱ ሳይነሣ ያያቸዋል፤ ልጁ ተኝቶ ከሆነ አይነሣም። ስልኩን ደግሞ ውኃ ስትቀዳ ጉድጓድ በላባት።

ሰውየው ስለ እሱ እየተወራ መሆኑን አውቆ ወደ ዛፉ ጫፍ ያይ ነበር።

ወሰንየለሽ ቦርሳዋን ከፈተች። ዳይፐሩን፣ ቅያሪውን፣ ጡጦውን አውጥታ ከሥር የደበቀችውን ቡናማ ልብስ ከነኮፍያውና ከነጅራቱ አነሣች። ዙለይኻ ልብሱን ተቀብላ ዘርፎቹን በጣቷ ነካካች፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደተሠራ፣ ምን ሳይታወቅ እንደተሠራ ገባት። ልብሱን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆየች።

ልብሱ ግን ለሱሌይማን ጠበበው። ወሰንየለሽ የቆረጠችው በገሊላ ልክ ነው፤ የቆላው ልጅ ደግሞ አጥንተ ሰፊ ሆኗል። ጭንቅላቱ አንገት ማስገቢያው ላይ ተሰንቅሮ ከውስጥ የቁጣ ድምፅ መጣ። አባትየው ጎትቶ አወጣው። ወሰንየለሽ ከአንዷ እናት መቀስ ተውሳ አንገቱን አሰፋችው፤ ዙለይኻም የጎኖቹን ቋጠሮ አንድ በአንድ ፈታች። የተሰፋ ቢሆን ኖሮ መተርተር ነበር፤ ይሄ ግን ተፈትቶ፣ ላላ ብሎ፣ እንደገና ጫፍ ለጫፍ ታሰረ። ኮፍያውን ልጁ እምቢ አለ። ጅራቱን ወደደው፤ ከኋላ ያሰሩለትን ወደ ፊት አዙሮ አቀፈውና ጫፉን ማኘክ ያዘ።

ሲስተር ሕይወት ገሊላን ይዛ ስትመለስ ዛፉ ሥር ያሉትን አየች፤ እርምጃዋን ገታ አደረገች። መጥታ ሱሌይማንን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ እንደ ነርስ ሳይሆን እንደ አክስት። "ይሄ ያ ነው?" አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እሱንም ወሰደችው፤ ጅራቱን እንዳቀፈ። ቆይተው ከሕንፃው ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ የሴቶች ሳቅ ተሰማ፤ ልጅ የተኛበት ቤት እንደሚሳቀው፣ ታፍኖ።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ከደመናው መሃል ወጣች። ሻይና ዳቦ ዞሮ አለቀ፤ ፎቶ ተነሡ፤ ሰዎች ቀስ በቀስ ወደ መናኸሪያው ማምራት ጀመሩ። ወሰንየለሽና ዙለይኻ ግን አልተነሡም። ሱሌይማን ደክሞት፣ የሚቀርበውን ጭን መርጦ፣ የወሰንየለሽ ጭን ላይ ወጣ። ደረቷን ተደገፈ። ክብደቱ ደንግጣ ልትስቅ እስኪቃጣት ድረስ ከባድ ነበር። ገሊላ ደግሞ በዙለይኻ ክንድ ላይ ሆና የሻርፑን ጫፍ ታሻሻለች፤ ዓይኗ እየከበደ፣ እየተከፈተ፣ እየከበደ።

ባልየው ከበሩ "መኪናው ሊሄድ ነው" ብሎ በኦሮምኛ ተጣራ። ዙለይኻ በእጇ "ቆይ" አለችው። እሱም ቆየ፤ አጥሩን ተደግፎ ተቀመጠ።

የልጁ ትንፋሽ ረዘመ፣ ከበደ፣ ከወሰንየለሽ ትንፋሽ ጋር መውጣትና መውረድ ጀመረ። ነፋሱ ዛፉን ሲነካው ጥላው በአራቱም ላይ ይወዛወዛል። ሁለቱም እናቶች ልጆቹን መልሰው ለመለዋወጥ አልቸኮሉም።